«ከነገ አትምጣ» ያልኩት ልጅ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት አለኝ፣ ሰባት ሰራተኛ ነው ያለኝ። ዛሬ የምፅፈው እንደኔ አምስትም አስርም ሰው ቀጥራችሁ ለምታሰሩ ነው፣ ሆቴል ያላችሁ፣ ጋራዥ፣ ወፍጮ ቤት፣ እህል ንግድ፣ ማርቆስም ሁኑ ቡሬም ፍኖተ ሰላምም ሞጣም። እኛ ጋ ሰው የሚቀጠረው በቃል ነው፣ «የእገሌ ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው» ይባልና በማግስቱ ስራ ይገባል፣ ውል የለ ደብዳቤ የለ። ሲሰናበትም እንደዛው በቃል።

ሶስት አመት አብሮኝ የሰራ ጋጋሪ ነበረኝ። ከደምበጫ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ ልጅ ነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ ሊጡን የሚያቦካው እሱ ነበር። አባቱ ሞቱበትና ሄደ፣ ስድስት ቀን ቀረ፣ ስልኩም አይሰራም። የፋሲካ ሰሞን ነው፣ የድፎ ትዕዛዝ ተቆልሎብኝ ምድጃው ፊት ብቻዬን ነው የሰነበትኩት። ሲመጣ ፀጉሩን ተላጭቶ በር ላይ ቆመና «እትዬ፣ አባቴን ቀብሬ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ «ነፍስ ይማር፣ ግን ከነገ አትምጣ፣ ሌላ ሰው ይዣለሁ» አልኩት። በሰዓቱ ተናድጄ ነበር፣ ዛሬ ግን ያቺ ቃል ትከብደኛለች።

ወር ሳይሞላ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣልኝ። ጠበቃ ጋ ሄጄ «ስድስት ቀን ሙሉ ቀርቶብኝ እኮ ነው» ስለው መጀመሪያ የጠየቀኝ «በፅሁፍ የሰጠሽው ማስጠንቀቂያ አለ?» ብሎ ነው። የለም። የስንብት ደብዳቤስ? እሱም የለም። ከዛ የአሰሪና ሰራተኛ ሕጉን፣ አዋጅ 1156/2011ን አውጥቶ አሳየኝ። ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ሰራተኛው በ6 ወር ውስጥ ያለበቂ ምክንያት በድምሩ 5 ቀን መቅረት አለበት፣ ያውም በፅሁፍ እየተነገረው። የአባት ሞት ደግሞ እንዴት አድርጎ ያለበቂ ምክንያት ይባላል? እንደውም ሕጉ ለቤተሰብ ሞት 3 የስራ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል፣ ከዛ በላይ ከባድ ችግር ለገጠመው ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን መጠየቅ ይችላል። ማለትም ልጁ ቢደውልልኝ ኖሮ ስድስቱም ቀን መብቱ ነበር፣ እኔ ግን አላውቅም ነበር።

ሂሳቡን ስሙት። ደመወዙ በወር 6,000 ብር ነው እንበል። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ከተባለና ወደ ስራው ካልተመለሰ ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ ነው፣ 36,000 ብር። ከአንድ እስከ ዘጠኝ አመት ላገለገለ የማስጠንቀቂያ ጊዜው፣ ማለት ስንብቱ አስቀድሞ የሚነገርበት ጊዜ፣ ሁለት ወር ስለሆነ የዛ ደመወዝ 12,000። የስራ ስንብት ክፍያው ደግሞ ለመጀመሪያው አመት የአንድ ወር፣ ለቀጣዩ ለእያንዳንዱ አመት የወሩ አንድ ሶስተኛ፣ በሶስት አመት 10,000 ይሆናል። ድምር 58,000 ብር፣ ለአንዲት የንዴት ቃል። በመጨረሻ በእሱ በኩል አጎቱ በኔ በኩል ጎረቤቴ ሽማግሌ ሆነው ገቡና በስምምነት ጨረስን፣ ከፈልኩ፣ ይቅርታም ጠየቅኩት።

ከዛ ወዲህ ሰዎች ሲጠይቁኝ ቶሎ የምነግራቸው ነገር አለ። «ውል ካልፈረመ ምንም አይጠይቀኝም» የምትሉ ተሳስታችኋል፣ የፅሁፍ ውል ባይኖር ሰራተኛው አንድም መብት አያጣም፣ እንደውም በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፅፎና ፈርሞ መስጠት ያለበት አሰሪው ነው። «ሶስት ወር ልሞክርህ» ማለትም በአፍ አይሆንም፣ የሙከራ ጊዜ በፅሁፍ ነው፣ ከ60 የስራ ቀንም አይበልጥም። ደግሞ ጥፋት አይቶ ዝም ብሎ ቂም ይዞ ከሶስት ወር በኋላ በዛ ጥፋት ማባረር የሚባል ነገር የለም፣ ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብታችሁ ጥፋቱን ካወቃችሁ 30 የስራ ቀን ሲያልፍ ይቀራል። የሄደውንም ሰው ሂሳብ «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» እያሉ ማመላለስ ይቅር፣ በ7 የስራ ቀን ውስጥ ተከፍሎ ማለቅ አለበት።

ሌሊት የምታሰሩ ደግሞ፣ በተለይ ዳቦ ቤቶች፣ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ያሰራችሁት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ከሆነ የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ መደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.75 ተባዝቶ ነው፣ በእረፍት ቀን በ2፣ በበዓል ቀን በ2.5። እኔ የፋሲካ እለት አሰርቼ ድፎ አስይዤ የምሸኝበት ጊዜ ነበር፣ ድፎው ስጦታ ነው እንጂ ክፍያ አይደለም፣ ይሄ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ልጁ አሁን ባሕር ዳር ነው። ባለፈው ደውሎ «እትዬ፣ የስራ ልምድ ፃፊልኝ» አለኝ፣ ምን እንደሰራ፣ ስንት አመት እንደቆየ፣ ደመወዙ ስንት እንደነበር ፅፌ ማህተም አድርጌ ወደዛ በሚሄድ ሚኒባስ ላኩለት። አሁን የማስፈርማት ውል አንድ ገፅ ናት፣ ማርቆስ ያላችሁ ዳቦ ቤት ብቅ በሉና ኮፒ አድርጌ እሰጣችኋለሁ።