የወተቱ በጀት

ቃሊቲ አካባቢ አንድ ባትሪ ቤት ውስጥ የግዢ ሠራተኛ ነበርኩ። አሮጌ የመኪና ባትሪ ይፈታል፤ ውስጡ ያለው እርሳስ ቀልጦ እንደገና ለሥራ ይውላል። ጠዋት ቀዳሚው ሥራዬ ለአቅላጮቹ ወተት መግዛት ነበር። «ወተት መርዝ ያጥባል» ይባላላ! ቀለምና ኬሚካል ነክ ሥራ የሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። አሠሪያችንም በወተቱ ይኮራ ነበር።

ዋናውን አቅላጭ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሆዳቸውን ይቆርጣቸው ጀመር። ድርቀት፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ተከተለ። ጨጓራ ነው ተባለ። (እኛ ዘንድ ጨጓራ ያልሆነ በሽታ ታይፎይድ ነው።) ኪኒን ዋጡ፣ ተልባ ጠጡ፣ ወተቱንም እጥፍ አደረጉት። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ አንዲት ሐኪም «አባቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለቻቸው። እስከዚያ ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። ደማቸው ሲመረመር እርሳሱ ከፍ ብሎ ተገኘ።

አብሬያቸው ስለነበርኩ ለእኔም አስረዳችኝ። አጥንት እርሳስን ካልሲየም መስሎት ይቀበለውና ያስቀምጠዋል። አዋቂ ሰው ውስጥ ከተጠራቀመው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ ያለው አጥንት ውስጥ ነው። ደም ውስጥ የገባው በ1 ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ የአጥንቱ ግን አሥርተ ዓመታት ይፈጃል።

«ወተቱስ?» አልኳት።

«በደንብ የበላ፣ ካልሲየም ያገኘ ሰው ሆዱ የሚመጥጠው እርሳስ ያንሳል። በአፍንጫ የገባውን ግን ወተት አያገኘውም። አጥንት የገባውንማ ጭራሽ!»

በማግስቱ ምሳችንን ልብ ብዬ አየሁ። የወተቱ ላስቲክ የተቀመጠው ባትሪ የሚፈታበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ላዩ ላይ ግራጫ ዱቄት አለ። ጋሼ እጃቸውን ቱታቸው ላይ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ላስቲኩን በጥርሳቸው ቀደዱት። መርዝ ያጥባል የተባለው ወተት ራሱ መርዙን እየያዘ ሲገባ ኖሯል። ከዚያ እንጀራ፣ ከዚያ በዚያው እጅ ጉርሻ። ማታ ደግሞ በዚያው ቱታ ቤት ገብተው የልጅ ልጃቸውን ያቅፋሉ። ሕፃን ደግሞ ከአዋቂ የበለጠ እርሳስ ይመጥጣል፤ የሚጎዳውም አእምሮውን ነው።

አለቃዬን የወተቱን ብር ለውኃና ለሳሙና እናውለው አልኩት። ወሬው ሳይውል ሳያድር ወጣና ሠራተኛው ተነሳብኝ። «ወተታችንን ልትነጥቀን ነው?» አልፈርድባቸውም። ከደመወዝ ሌላ የሚያገኙት ነገር ያ ወተት ብቻ ነበር። ስለዚህ ወተቱ ቀጠለ፤ ቧንቧ ያለው በርሜልና ሳሙናም ተጨመረ። ቱታ እዚያው ተወልቆ እዚያው መታጠብ ጀመረ። ወለሉን በደረቁ መጥረግ ቀረ፤ አቧራውን ማስነሳት እንጂ ማጽዳት አልነበረም። ማጣሪያ ያለው ማስክ ግን በስንት ጭቅጭቅ ነው የተገዛው!

ጋሼ ከማቅለጫው ተነስተው ሽያጭ ላይ ተመደቡ። ከወራት በኋላ ሲመረመሩ የደማቸው እርሳስ ወርዷል።

«አላልኳችሁም? ወተቱ ነው!» አሉ።

ሐኪሟ ሳቀች። የአጥንቱ እርሳስ ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚመለስ ግን የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጻፈችላቸው።