ከማመን ወደ መታመን

ጌታ ይባረክ! ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ አጥቢያዎች፣ በመሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ጸሎትም፣ ይህ ልመና ደጋግሞ ይቀርባል፦ «ሁሉን አውቃለሁ፤ ልቤ ግን ደረቅ ነው።» እንዲህ የሚለው ብዙ ጊዜ ሰንበት ትምህርት ያደገ፣ ጥቅስ በቃሉ የያዘ፣ ግቢ ውስጥ ስለ ትንሣኤ ተከራክሮ የረታ ሰው ነው። እግዚአብሔር ይህን ጸሎት እንደሚመልስ እንመሰክራለን።

ልዩነቱን ቋንቋችን ይዞታል፤ ማመን አለ፣ መታመን አለ። አጋንንትም እግዚአብሔር አንድ እንደ ሆነ ያምናሉ፤ ይንቀጠቀጡማል (ያዕቆብ 2፥19)። ምሳሌ 3፥5 ደግሞ «በፍጹም ልብህ በእግዚአብሔር ታመን፥ በራስህም ማስተዋል አትደገፍ» ይላል። ማስተዋልህን ጣለው አላለም፤ አትደገፍበት ነው ያለው። ለዚህ ነው መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ መደረብ ደረቁን ልብ የማያርሰው።

ጠዋት ለታክሲ ከመሰለፋችሁ በፊት ስልክ ዘግታችሁ 20 ደቂቃ ያዙ። ገላትያ 2፥20ን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡና «በወደደኝና ስለ እኔ ራሱን በሰጠው» የሚለው ላይ ቁሙ። «ስለ እኔ» የሚለውን አትለፉት። ከዚያ «እርሱ» ማለት ትታችሁ «አንተ» በሉት። «እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው» ትምህርት ነው፤ «ዋሽቻለሁ፣ ይቅር በለኝ» ጸሎት ነው። በጅምላ «ኃጢአቴን» ማለትም ቀላል ነው፤ ያልተከፈለው የዕቁብ ገንዘብ፣ ከወንድም ጋር የቆየው ቂም በስሙ ሲጠራ ግን ልብ አብሮ ይመጣል። የተናዘዛችሁትን በሳምንት አንድ ቀን ለበሰለ አማኝ ንገሩ። ብቻውን የሚታገል ሰው ቶሎ ወደ ክርክሩ ይመለሳል።

ብዙዎችን የሚያሰናክለው እንባ መጠበቅ ነው። ሌላው በአምልኮ ሲያለቅስ አይተው «እኔ አልዳንኩም» ይላሉ። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ በ1728 ቅስና የተቀበለ፣ እስከ አሜሪካዋ ጆርጂያ በሚስዮናዊነት የሄደ ሰው ነበር። ክርስቶስ የእርሱን የራሱን ኃጢአት እንደ ወሰደ በልቡ የተረዳው ግን ግንቦት 24 ቀን 1738 ማታ፣ ለንደን ውስጥ፣ አንድ ሰው የተሐድሶው መሪ ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈውን መግቢያ ሲያነብ ነው (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ያም ሆኖ በ1739 መጀመሪያ ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ በማስታወሻው ጻፈ፤ ስሜቱ ቀዝቅዞ ነበር፤ የያዘው ጌታ ግን አልለቀቀውም። ልባችሁ በረደ ብላችሁ ከመጀመሪያው አትጀምሩ። «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» (ማርቆስ 9፥24) ብላችሁ በዚያው 20 ደቂቃ ቀጥሉ። ኢየሱስ ያን አባት እምነትህ ጎዶሎ ነው ብሎ አልመለሰውም፤ ልጁን ፈወሰለት።

መልሱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። አስቀድሞ የሚያውቀው የቤት ሰው ነው፤ አለዚያም ለዓመታት ያልተደወለለት ያ ወንድም፣ አንድ ማታ ስልኩ ሲጠራ።