ስም ያጣሁለት ስሜት

ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መብራቱን አብርቼ ማስታወሻዬን አወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሐሳብ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሳሻግር ኖሬ፣ ለራሴ ስሜት የሚሆን አንድ ቃል አጣሁ ብል ማን ያምነኛል?

እንግሊዝኛው «ዲስኢሉዥንመንት» ይለዋል። «ተስፋ መቁረጥ» እንዳልል ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ጠዋት ተነስቶ ኮምፒውተሩን አይከፍትም። «ቅስም መሰበር» ይቀርባል፤ ግን ቅስም ሲሰበር ሰባሪ አለው፣ እኔ ደግሞ ጣቴን የምቀስርበት ሰው የለኝም። «መባነን»ንም ሞከርኩ። የሚባንን ሰው ግን ከቅዠት ነው የሚገላገለው፤ እኔ የባነንኩት ከደህናው ሕልም ነው። ሁሉም ሲያልቅብኝ ወደ ተረቱ ተመለስኩ፦ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። አዎ፣ ይኼ ይመስላል። ከማያምነው ፈረስ የወደቀ ሰው አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ካመነው የወደቀ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ ፈረሱን ያያል። እኔም አንድ ዓመት ያህል ተቀምጬ ፈረሱን ሳይ ነበር።

እሑድ ዕለት ለጋሼ ደወልኩላቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በቀይ እስክሪብቶ። የመጀመሪያ ትርጉሜን ሲመልሱልኝ ከኔ ጥቁር የሳቸው ቀይ ይበዛ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ዛሬም ቃል አያሳልፍም። ሆድ ብሶኝ ስለነበር ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«ቆይ እስቲ፣ ያ እንግሊዝኛ ቃል ሲፈታ ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

«እንዴት ልበልዎት... የተሳሳተ ሕልም ሲገፈፍ፣ እንደዚያ ነገር።»

«ታዲያ የተሳሳተው ከተገፈፈልሽ ምን ያስለቅስሻል፣ አንቺ ልጅ?»

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ስልኩን የዘጋሁት ኔትወርኩን ሰበብ አድርጌ ነው።

ፈረሶቼ ሁለት ነበሩ። አንደኛው የግሌ አልነበረም፤ የዘመኔ ልጆች ሁሉ የተፈናጠጡበት ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ጄኔቫ አጠገብ ያለው የምርምር ማዕከል ሰርን፣ ቲም በርነርስ ሊ እዚያ ሲሠራ የፈጠረውን የድረ ገጽ ቴክኖሎጂ ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀው። ይህን ታሪክ ያልነገርኩት ሰው አልነበረም። ስጦታ መሆኑ ነበር የሚደንቀኝ። ሰው የሌላውን ጽሑፍ ካነበበ ያውቀዋል፣ ካወቀው አይጠላውም ብዬ አመንኩ። የቀረ አጥር ቢኖር ቋንቋ ነው፤ እሱን ደግሞ እኛ ተርጓሚዎች እናፈርሰዋለን። እ.ኤ.አ. በ2011 ካይሮ ታህሪር አደባባይ ላይ ለተቃውሞ የተሰበሰበውን ሕዝብ በስክሪን እያየሁ፣ የሚጻፈውን ለጓደኞቼ ስተረጉም ያደርኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁላችንም አይተነዋል። ውሸት ተርጓሚ እንደማያስፈልገው፣ በራሱ እግር እንደሚሮጥ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ስለዚህኛው ፈረስ ብዙ አልጽፍም። ብዙ ሰው ጽፎታል፤ የኔም ቁስል ጠግጓል።

ያልጠገገው ሁለተኛው ነው፤ ሥራዬ።

እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛ ጎግል ከሚተረጉማቸው ቋንቋዎች ተርታ ሲገባ ዜናውን አንብቤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። «እኔ ጋ እስኪደርስ» አልኩ። ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሰጠኝ ድርጅት አጭር ኢሜይል ላከልኝ። ከእንግዲህ ማሽኑ ይተረጉማል፣ እርስዎ ያርማሉ፣ ክፍያውም በዚያው ልክ ይስተካከላል። («ይስተካከላል» የምትለዋን ቃል አስተውሉልኝ። በተርጓሚነት ዘመኔ መርዶን እንዲህ አሳምሬ ሸፍኜ አላውቅም።)

ገንዘቡ አላሳመመኝም ብል ውሸት ነው። ከገንዘቡ የባሰ ነገር ግን ነበረ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ወራት ፈጀብኝ። ለካ በልቤ ውስጥ አንድ ውል ፈርሜ ኖሯል፦ እኔ ሥራዬን በጥንቃቄ ከሠራሁ፣ ዓለም ቦታዬን ይጠብቅልኛል። ውሉን የፈረምኩት ብቻዬን ነው። ሌላኛው ወገን እንዲህ ያለ ወረቀት መኖሩንም አልሰማም። እኔ ግን ፈረሰብኝ ብዬ ዓመት ሙሉ አኮረፍኩ።

በኩርፊያዬ ወራት ስለ አንድ ጀርመናዊ አበምኔት አነበብኩ፤ ዮሐንስ ትሪቴሚየስ ይባላል። ማተሚያ ማሽን መጥቶ የእጅ ጽሕፈትን ገበያ ሲወስድ፣ ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1492 ለቁም ጸሐፊዎች ጥብቅና ቆሞ ጻፈ። ብራና ሺህ ዓመት ይኖራል፣ ይህ የወረቀት መጽሐፍ ግን ሁለት መቶ ዓመት ከቆየም ብዙ ነው እያለ መነኮሳቱ ብዕራቸውን እንዳይጥሉ መከረ። እያንዳንዷን ቃል ተስማምቼ ሳነብ ቆይቼ መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1494 አሳተመው። በማተሚያ ማሽን። ያውም የኅትመት ፈር ቀዳጁ ጉተንበርግ በሠራባት በማይንትዝ ከተማ። ብቻዬን ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ደግሞ፣ ለዚያ ድርጅት የጻፍኩት የተቃውሞ ደብዳቤ ሲረዝምብኝ አሳጥርልኝ ብዬ የሰጠሁት ለማን እንደነበር ትዝ አለኝ። ለማሽኑ። ጥሩ አድርጎ ነበር ያሳጠረው።

ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት የማነበው ስለ ናሳ የጠፈር መንኮራኩር ስለ ቮዬጀር 1 ነው። ከጠፈር ምሳሌ የሚጠቅስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሊሰብክ ነው የሚነሳው፤ እኔን የሳበኝ ግን ነገሩ የትርጉም ጉዳይ ስለሆነ ነው። መንኮራኩሯ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 5 ቀን 1977 ስትወነጨፍ ጁፒተርንና ሳተርንን አይታ በጥቂት ዓመት ሥራዋን ትጨርሳለች ተብሎ ነበር። አልጨረሰችም። በኖቬምበር 2023 ግን፣ 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለ፣ የምትልከው ነገር ትርጉም አጣ። ምልክቱ ይመጣል፤ የሚነበብ ነገር ግን የለውም። መሐንዲሶቹ ከብዙ ዓመታት በፊት የተጻፉ ሰነዶችን ማገላበጥ ነበረባቸው፤ ጸሐፊዎቹ እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብለው ያላሰቡባቸውን ሰነዶች። በስተመጨረሻ ጥፋቱ የአንዲት የማስታወሻ ቺፕ ሆኖ ተገኘ። ሄዶ የሚቀይራት የለም። እሷ ላይ የነበረውን ኮድ አንድ ላይ የሚይዝ ባዶ ቦታም የለም። ስለዚህ ቆራርጠው እዚህም እዚያም ሸጎጡት፤ ከዚያ ቁርጥራጩ እርስ በርሱ እንዲገናኝ ማጣቀሻዎቹን አረሙ። ትእዛዙን ኤፕሪል 18 ቀን 2024 ላኩ። ለመድረስ 22 ሰዓት ተኩል፣ መልሱ ለመምጣት ሌላ 22 ሰዓት ተኩል። ኤፕሪል 20 ቀን የሚነበብ መልስ መጣ።

(በነገራችን ላይ በ55 ቋንቋ የተቀዳ ሰላምታ ይዛለች። አማርኛን ፈለግኩ፤ የለም። ትንሽ ከፋኝ።)

ልቤን የነካው መዳኗ አይደለም። አትድንም እኮ። ኃይሏ በየዓመቱ 4 ዋት ያህል ይቀንሳል። በፌብሩዋሪ 2025 አንዱን መሣሪያዋን ራሳቸው አጠፉባት፣ የቀሩት ትንሽ እንዲቆዩ። አንድ ቀን ጭራሹን ዝም እንደምትል እዚያ ቤት የማያውቅ የለም። እያወቁ ነው ጠዋት ገብተው ማጣቀሻ የሚያርሙት። ከእሷ ጋር የፈረሙት ውል የለም። ይህን ሳስብ የጋሼ ጥያቄ ትመጣብኛለች፤ ልክ ነበሩ ለማለት ግን ገና አልተዘጋጀሁም። ሕልሙ የተሳሳተ ቢሆንም እኮ ውስጡ ኖሬበታለሁ፤ ሲገፈፍ ብርዱ የሚሰማኝ እኔ ነኝ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሥራ ለሚያጠቡ እናቶች የተዘጋጀ የመድኃኒት መመሪያ ነው፤ 40 ገጽ። ማሽኑ ተርጉሞታል፣ እኔ «አራሚ» ነኝ። መጀመሪያው ገጽ ላይ «ልጅህን ስታጠባ» ይላል። «ጡትህን» የሚልም አለ። እየሳቅሁ አረምኩ። እንዲህ ያለው ስሕተት ደግሞ ደግ ነው፤ ራሱን ያጋልጣል። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «አንድ ፍሬ በየቀኑ ይውሰዱ።» አጭር፣ የተስተካከለች፣ አንገቷን ቀና ያደረገች ዓረፍተ ነገር። አንዴ አለፍኳት። ሁለት መስመር ሄጄ ምን እንደጎተተኝ አላውቅም፣ ተመልሼ ዋናውን አየሁ። ዋናው አንድ ቀን እየዘለሉ ነው የሚለው። ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ መድኃኒቱ ግን እጥፍ ሆኗል።

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ። ያቺ ወረቀት የምትደርሳት ሴት ታየችኝ። ምናልባት በዚህ ሰዓት ነው የምታነበው፤ ልጁ ጉልበቷ ላይ፣ መብራቱ እንዳይቀሰቅሰው ደብዝዞ፣ እሷ በአንድ እጇ ወረቀቱን ይዛ። ማን ተረጎመው፣ ማን አረመው አትልም። ለምን ትላለች? «አንድ ቀን ይውሰዱ፣ አንድ ቀን ይዝለሉ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሌላ ጥርጣሬ ገባኝ፦ ይቺን ሴት «እርስዎ» ልበላት ወይስ «አንቺ»? ማሽኑ አንዴ «አንተ»፣ አንዴ «እርስዎ» እያለ ያምታታዋል። ይህን ሳሰላስል ነው እንቅልፌ የሄደው። ኩርፊያው አልነበረም፤ አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት።

ለጋሼ በድምፅ መልእክት ላክሁላቸው። ስልኩን ስለዘጋሁባቸው ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ጥያቄዋን ብቻ።

ረቡዕ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት

መልሳቸው መጥቷል። ሳል አለበት።

«እርስዎን ተያት። ሌሊት ልጅ ታቅፋ የምታነብ ሴት በእርስዎ አትጠራም፣ ይርቅባታል። አንቺ በያት። ደግሞ 'ይዝለሉ' ምንድነው? ምን ትዝለል? ገመድ? 'ዛሬ ከወሰድሽ ነገ አትውሰጂ፣ ከነገ ወዲያ ውሰጂ' ብለሽ ጻፊ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተሽ ይቺን አጣሻት? በይ ደህና ዋይ።»

ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ቀይ እስክሪብቶው በድምፅም ይሠራል።

31 ገጽ ይቀረኛል፤ ግን ከመጀመሪያው ልጀምር ነው፣ «እርስዎ»ን ሁሉ ወደ «አንቺ» ለመመለስ።