ሐኪም ፊት ሲደርስ የሚጠፋ ሕመም

ዛሬም የእህቴን የቀዶ ሕክምና ወረቀት አውጥቼ አነበብኩት። «ትንሹ አንጀት በሙሉ በወፍራም ነጭ ሽፋን ተጠቅልሎ ተገኝቷል» ይላል። አንድ መስመር ናት። እሷ ግን ይህች መስመር እስክትጻፍ ስምንት ዓመት ሆዷን ይዛ ተሰቃይታለች።

ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጠምዝዞ ይይዛታል፣ ሆዷ ይነፋል፣ ታስመልሳለች። በማግስቱ ምንም እንዳልነበረባት ሰው ትነሳለች። ተራ ደርሶን ሐኪም ፊት ስንቀርብ ሆዷ ለስላሳ ነው። አልትራሳውንዱ ደህና፣ ደሙ ደህና። መጀመሪያ «ጨጓራ ነው» ተባለች። ቆይቶ «ጭንቀት ነው» ተባለች። እኔም አልኳት። ይሄ ነው ዛሬ ያላስተኛኝ። «ብዙ አታስቢ፣ ይለቅሻል» ያልኳት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ግን አልለቃትም አለ። ድንገተኛ ክፍል ሲቲ ስካን ተነሳች። ሐኪሟ ምስሉን ጠርተው አሳዩኝ። በሆድ ውስጥ እንደልቡ ተዘርግቶ መቀመጥ የነበረበት አንጀት መሃል ላይ ተሰብስቦ ተጣጥፏል። ዙሪያውን ስስ መስመር ከቦታል። ከረጢት ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው።

ሕመሙ ለምን እንደሚመጣና እንደሚሄድ የገባኝ ያኔ ነው። ትንሹ አንጀት ወደ ስድስት ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የያዘውን ወደፊት የሚገፋው ዘወትር እየተላወሰ ነው። ሽፋኑ ሲጨብጠው መላወሻ ያጣል። አንዳንዴ እንደምንም ያሳልፋል፣ አንዳንዴ ይዘጋል። ሲያልፍ ሕመሙም አብሮ ያልፋል። ሐኪም የሚያያት ደግሞ ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር።

ስሙ «የሆድ ኮኩን» ነው፤ የሐር ትል በራሱ ላይ ከሚሠራው መጠቅለያ የተወሰደ ስም ነው። ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ያኔ የተገለጹት ታማሚዎች በአብዛኛው ለጋ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ችግሩ ግን በ1907ም ተጽፎ ነበር። ይህን ሳነብ ተናደድኩ። እህቴ ከመወለዷ በፊት ስም የነበረው ነገር ነው!

ሲወለዱ አብሮ የሚመጣ ሌላ ሽፋንም አለ። እሱ ስስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰው ሳያውቀው አብሮት ይኖራል፣ በሌላ ምክንያት ሆዱ ሲከፈት ይገኛል። የእሷ እንደዚያ አይደለም። የእሷ ቆይቶ የተፈጠረ፣ የወፈረና የጠነከረ ነው። እንዲህ ያለውን የሆድ ቲቢ ሊያመጣው ይችላል። ለብዙ ዓመታት በሆድ በኩል የኩላሊት እጥበት ያደረጉ ሰዎችንም ይይዛል። ፕራክቶሎል የሚባል የልብ መድኃኒትም ያመጣው ነበር፤ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። እሷ አንዱም የለባት። ሁሉም ተመረመረ፣ ወረቀቷ ላይ «መንስኤው አልታወቀም» ተብሎ ተጻፈ። ይሄን መቀበል ከሁሉም ይከብደኛል።

ቀዶ ሕክምናው አራት ሰዓት ፈጀ። ሽፋኑን ከአንጀቱ ላይ ቀስ እያሉ መላጥ ነው ሥራው። ከተቸኮለ አንጀቱ ይበሳል፤ ያ ደግሞ ከበሽታው የባሰ ጣጣ ያመጣል። የእሷ አልተበሳም፤ ተቆርጦ የወጣ አንጀትም የለም። ውጭ ቁጭ ብዬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እል ነበር።

በማግስቱ ሐኪሟ ከላጡት ሽፋን ያነሱትን ፎቶ በስልካቸው አሳዩዋት። አፍንጫዋ ላይ ቱቦው አለ፣ ድምፅዋ ገና አልተመለሰም። ብዙ ቆይታ አየችው። ሌላ ሰው ቢሆን ይፈራ ነበር፣ እሷ ግን ፊቷ በራ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እትዬ፣ ነበረ እኮ» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። «አዎ፣ ነበረ» አልኳትና እጇን ያዝኩ። ይቅርታ የጠየቅኳት ግን ቤት ከገባን በኋላ ነው።