«ገጹ ጊዜው አልፎበታል» ሲል ፎርሙን ማዳን

ጎንደር ማራኪ ግቢም ሆነ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት፣ ረጅም ፎርም ሞልታችሁ ኔትወርክ እስኪመለስ ጠብቃችሁ «ላክ» ስትሉ 419 (Page Expired፣ ማለትም «ገጹ ጊዜው አልፎበታል») የሚል ቁጥር ከመጣ የጻፋችሁት ብዙ ጊዜ ገና አልጠፋም። ገጹን ግን አትዝጉት።

ሰርቨሩ በፎርሙ ውስጥ ቶክን የሚባል ምስጢራዊ ኮድ ያስገባል፤ ኮዱ የሚሠራው ሴሽኑ፣ ማለትም ሰርቨሩ እናንተን የሚያስታውስበት ጊዜ፣ እስካለ ድረስ ነው። ላራቬል በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠሩ ድረ ገጾች ላይ ሴሽኑ፣ ባለሙያው ካልቀየረው፣ ምንም ሳይነካ 120 ደቂቃ ከቆየ ያበቃል። የኋሊት ቀስቱን ተጫኑ፤ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ እንዳለ ይገኛል። ረጃጅሞቹን መልሶች ወደ ኖትፓድ ገልብጡ፣ ከዚያ ብቻ ገጹን አድሱ፣ መልሳችሁ ለጥፉና ላኩ። ሳያድሱ ደጋግሞ መላክ ያንኑ አሮጌ ቶክን መላክ ነው።

419 ገጹን በከፈታችሁ በደቂቃው ከመጣ ግን ጉዳዩ ጊዜ አይደለም። ወይ ብራውዘሩ ኩኪ (ድረ ገጹ እናንተን ለመለየት ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ) ከልክሏል፣ ወይ በሌላ ታብ ገብታችሁ ወይም ወጥታችሁ ቶክኑ ተቀይሯል።

ክሮም «ፎርሙ እንደገና ይላክ?» ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ገጹ የመጣው መረጃ ተልኮ ስለሆነ፣ ማደስ ማለት ያንኑ መረጃ ዳግም መላክ ነው። ክፍያ ከሆነ እባካችሁ አትቀጥሉ፤ መጀመሪያ የባንክ መልእክታችሁን እዩ። ድረ ገጽ የምትሠሩ ከሆነ መረጃውን ከተቀበላችሁ በኋላ 303 በሚባለው የሰርቨር ምላሽ ተጠቃሚዎቹን ወደ ሌላ ገጽ ምሯቸው፤ ይህ ጥያቄ አይመጣም።