የገና ሰላምታ፣ ከአንድ ምስጋና ጋር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! አገር ቤት ላላችሁም፣ ከሥራ ገብታችሁ በሰው አገር ሽንኩርት ለምታቁላሉትም መልካም ገና ይሁንላችሁ።

ገና ሲመጣ አንድ ተዋናይ ትዝ ይለኛል። ሲድኒ ፖይቲየር። ያረፈው በ2014 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ነው፣ በ94 ዓመቱ። ዜናው የተሰማው ግን በማግስቱ፣ በበዓሉ ዕለት ነበር። እኛ ቤት ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፤ ቄጤማው ላይ ፈንዲሻ ተበትኗል። ስልኬን አየሁና ዝም አልኩ። እናቴ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «የምወደው ሰው ሞተ» አልኳት። ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ «ነፍስ ይማር» አለች።

ብዙ ሰው የሚያነሳለት በ1967 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» ነው። እውነት አላቸው። ያ ነጭ ባለርስት በአበቦቹ መሀል በጥፊ ሲለው፣ ፖይቲየር ወዲያው መልሶ ያጮለዋል። በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር ሰው በአሜሪካ ፊልም ላይ ይህን ማድረጉ ቀላል ነገር አልነበረም። እኔን ግን የሚይዘኝ ከጥፊው በኋላ ያለው ፊቱ ነው። አይጮኽም። አይንቀሳቀስም። «ኤ ሬዚን ኢን ዘ ሰን» በሚለው ፊልሙ ላይ ደግሞ ልጁን ፊቱ አቁሞ፣ ነጮች ሰፈር እንዳይገባ ሊከፍለው የመጣውን ሰውዬ ገንዘብ አልቀበልም ሲል፣ ድምፁ እየተሰበረ ሰውነቱ ቀጥ ይላል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሊሊስ ኦፍ ዘ ፊልድ» (የሜዳ አበቦች) ነው። ሆሜር ስሚዝ የሚባል መንገደኛ ለመኪናው ውኃ ሊለምን አሪዞና በረሃ ውስጥ ይቆማል። ያገኘው ከምሥራቅ አውሮፓ አምልጠው የመጡ መነኮሳይያትን ነው። እመ ምኔቷ እግዚአብሔር የላከልን ሰው ነው ብላ ቤተ ክርስቲያን ሥራልን ትለዋለች። ክፍያ ሲጠይቃት በመጽሐፍ ቅዱስ ይሟገታሉ። እሱ «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» የሚለውን ከሉቃስ ያወጣል። እሷ ደግሞ የሜዳ አበቦችን ከማቴዎስ ታስነብበዋለች። ሳንቲም አልከፈለችውም። የምታመሰግነውም እግዚአብሔርን ብቻ ነው። እሱን አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላለችውም።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲያልቅ መስቀሉን ራሱ ይሰቅላል። ስሙንም እዚያው ላይ፣ ከእግዚአብሔር በቀር ማንም በማያየው ቦታ ይጽፋል። በመጨረሻው ምሽት እንግሊዝኛ ሲያስተምራቸው፣ ትምህርት አስመስሎ እመ ምኔቷን «አመሰግናለሁ» ያሰኛታል። ካለች በኋላ ነው የገባት። የሁለቱን ዓይን እዩልኝ። እኔ ሁሌም እዚህ ጋ አለቅሳለሁ።

የማለቅሰው ከፊልሙ ውጪ ያለውንም ስለማውቅ ነው። ፖይቲየር የባሃማስ የቲማቲም ገበሬዎች ልጅ ነበር። ኒው ዮርክ ሲገባ 16 ዓመቱ ነው፤ ማንበብ በደንብ አይችልም። ለትወና ሊፈተን ሄዶ በንባቡና በአነጋገሩ ምክንያት መለሱት። ሰሃን ያጥብ በነበረበት ምግብ ቤት አንድ ሸምገል ያለ ይሁዲ አስተናጋጅ ነበር። ይህ ሰው ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያስነብበው ነበር። ለሳምንታት። ፖይቲየር ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ፣ ያንን አስተናጋጅ አግኝቶ በወጉ ሳያመሰግነው መቅረቱ እንደሚቆጨው ተናግሯል። እንግዲህ ፖይቲየር ራሱ ነው ፊልሙ ላይ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ቋንቋ የሚያስተምረው፣ ምስጋና የሚጠብቀው። ያንን የሰው ፊት ከየት እንዳመጣው አልጠራጠርም።

በዚህ ፊልም በ1964 እ.ኤ.አ. ኦስካር አገኘ፤ በምርጥ ዋና ተዋናይነት ለጥቁር ወንድ የመጀመሪያው ነበር። ዴንዘል ዋሽንግተን ሁለተኛው ሆኖ እስኪያሸንፍ 38 ዓመት አለፈ።

ፊልሙ «አሜን» በሚለው መዝሙር ነው የሚያልቀው። መዝሙሩ የሚጀምረው ግርግም ውስጥ ከተኛው ሕፃን፣ ከገና ጠዋት ነው። የምትሰሙት ድምፅ የፖይቲየር አይደለም፤ ጄስተር ሄርስተን ነው የዘፈነለት። ሆሜር ያዜማል፣ መነኮሳይያቱ ይቀበሉታል። እያዜመ በሩን ይወጣል። የመኪናው ሞተር ሲነሳ እመ ምኔቷ ትሰማለች። ከወንበሯ ግን አትነሳም፤ ከሌሎቹ ጋር መቀበሏን ትቀጥላለች።

ዘንድሮ ፊልሙን ከእናቴ ጋር ላየው ነው። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ እኔ እየተረጎምኩ አሳያታለሁ። «አሜን» ሲሉ ግን ማንም አይተረጉምላትም።

መልካም በዓል፣ የኔ ውዶች።