የለመንኩት ለብሎኑ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ቤንዚን በነካ እጄ ራሴን ይዤ «ሳልደብቅ እመሰክራለሁ» ብያለሁ። ሳልደብቅ ያልኩት ሞኝነቴንም ጨምሮ ነው።

አባቴ ትቶልን ያለፈው አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1965 ሞዴል ናት። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እናቴን ከፊት፣ እኛን ከኋላ ጭኖ ግቢ ገብርኤል ያደርሰን ነበር። እኛ የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ከቅድስት ማርያም ጀርባ ስለሆነ በእግርም ሩቅ አይደለም። ግን የንግሥ ቀን ነዋ። በንግሥ ቀን እናቴ በቮልስ ነው የምትሄደው።

አባቴ ካረፈ በኋላ መኪናዋ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ ቀረች። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በእግሯ ትሄድ ነበር። በ2017 ግን ጉልበቷ እምቢ አለ። ኅዳር ላይ፣ የነቢያት ጾም እንደገባ፣ ቡና እየጠጣን ሳለ «ዘንድሮ ገብርኤልን ሳልሳለም ልቀር ነው?» አለች። ለማንም አላለችም። ሲኒዋን እያየች ነው ያለችው። እኔ ግን ሰማሁ።

ታክሲ መጥራት ይቻል ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ነገሩ ታክሲ አልነበረም።

ባትሪ ገዛሁ፣ ዘይት ቀየርኩ፣ ሞተሩ ተነሣ። ደስታዬ ሦስት ደቂቃ አልቆየም። ሳል ሳል አለና ጠፋ። ካርቡሬተሩን ስከፍተው ቀይ ጭቃ ሞልቶታል። መኪናዋ ውስጥ ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ቮልስ የማያውቅ ካለ፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። የነዳጅ ሳልባትዮዋ ከፊት ኮፋኖው ሥር፣ ልክ ከሾፌሩ እግር ፊት ለፊት ተጋድሟል። 40 ሊትር ያህል ይይዛል። የእኛው ከውስጥ ዝጎ ተቀርፏል፣ ሥሩ ደግሞ በመርፌ የተወጋ ይመስል ማዠት ጀምሯል።

አንድ የሰፈራችን በያጅ «አምጣው፣ በአሥር ደቂቃ እደፍነዋለሁ» አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ አንድ የቆየ መካኒክ ወዳጄ ሰምቶ ጮኸብኝ። «ባዶ ሳልባትዮ ከሙሉው ይበልጥ ይፈራል! ሙሉው ውስጥ ያለው ቤንዚን ነው። ባዶው ውስጥ ያለው ተንና አየር ነው፤ እሱ ነው የሚፈነዳው።» ይህን ምክር ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኩትም። ብየዳውን ተውኩ እንጂ ትምህርቱን አልወሰድኩም።

ስለዚህ ሌላ ሳልባትዮ ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። አገሩ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያወራ ነበር። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ያኔ ዓመት ሊሞላው ነበር። እኔ የስድሳ ዓመት መኪና ዕቃ እጠይቃለሁ። አንዱ ነጋዴ «ለሙዚየም ነው?» አለኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ከአንድ ሱቅ ጣሪያ ሥር፣ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ዋጋውን አልናገርም። ይህን ጽሑፍ ለእናቴ ያነቡላታል።

እንግዲህ ያ ቀን መጣ። ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12። እናቴ ጧት ከቅዳሴ ስትመለስ እኔን ከነመፍቻዬ አገኘችኝ። «በሚካኤል ቀን ብረት ትቀጠቅጣለህ?» ብላ ጸበል ረጭታኝ ገባች። ሳምንት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ምን ላድርግ?

የእህቴ ልጅ ሊያግዘኝ መጥቶ ነበር። የመጀመሪያ ሥራው የተገዛውን ሳልባትዮ ማጠብ ሆነ። ውስጡ ትንሽ ዝገት ስለነበረበት ኮምጣጤ ጨምረንበት አድሯል። ልጁ ውኃና ጠጠር ጨመረበትና እንደ ጽናጽል ያንሿሿው ጀመር። ጠጠሩ ዝገቱን ፍቆ ያወጣዋል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጠጠሩን አንድም ሳይቀር ማውጣት እንጂ። ታዲያ ልጁ ቀዩን ውኃ ወደ ታች ለቀቀው።

ግቢያችን አምስት አባወራ የሚኖርበት ነው። ከላይ የእኛ ጥላ፣ ከታች የእማማ በር። እማማ የሁላችንም እማማ ናቸው። መሬቱ ሲሚንቶ ሆኖ ወደ እሳቸው ያዘቀዝቃል። ውኃው ወርዶ በራቸው ላይ የተደገፈውን የከሰል ማዳበሪያ ከሥር አጠጣው።

«ምነው ልጄ፣ ከሰሌን ክርስትና አነሣኸው?» አሉ።

«ይቅርታ እማማ፣ አዲስ እገዛልዎታለሁ።»

«ይገዛል፣ ይገዛል» አሉ። የእሳቸው «ይገዛል» ምን ማለት እንደሆነ ግቢው ያውቃል። በጣም አፈርኩ። ልጁንም ተቆጣሁት። አሁን ሳስበው ያን ቁጣዬን መልሼ መዋጥ ያምረኛል።

ወደ አሮጌው ገባሁ። ከኋላ ወንበር ሥር የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ስኮርታ ጎማውን አወጣሁ። የነዳጅ መለኪያውን ገመድ ነቀልኩ። ከሥር ገብቼ ፋሸታውን፣ ማሰሪያውን ማለቴ ነው፣ አላልቼ የነዳጁን ጎማ (ቱቦውን) ሳወልቀው አሥር ሊትር ያህል ቤንዚን ወረደ። ወዴት? ወደ ሳፋ። ክፍት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ! ጀሪካን ነበረን። ማጥለያ ስላጣን «ለጊዜው» ብዬ ነው። ልጁን ማጥለያ ተበድረህ ና ብዬ ላክሁት፤ ሳፋውን ከፊት ጎማው አጠገብ ተውኩት።

ሳልባትዮውን አራት ብሎኖች ናቸው የያዙት፣ በአራቱ ማዕዘን። ሦስቱ ተፈቱ። አራተኛው ከመኪናዋ ጋር አንድ አካል ሆኗል። ዘይት አጠጣሁት፣ ኳ ኳ አደረግሁት፣ ወይ ፍንክች። ሰዓቱ ይሄዳል። ያን ጊዜ ነው የጸለይኩት። ጸሎቴን እንዳለ ልጻፈው፦ «ገብርኤል ሆይ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ ለእናቴ ስትል ይህችን አንዲት ብሎን ፍታልኝ።»

ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ያወጣውን መልአክ የብሎን መፍቻ አድርጌው አረፍኩት።

አልተፈታም። አንድ ሰዓት ተኩል ታገልኩት። «ይህችን ትንሽ ነገር እንኳ?» ብዬ ማጉረምረሜንም አልደብቅም። በመጨረሻ እግሬን ተክዬ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። የብሎኑ አንገት ቀጭ ብሎ ተቀነጠሰ። እኔም ወደ ኋላ ሄድኩ። ተረከዜ ሳፋውን አገኘው።

አሥር ሊትር ቤንዚን በሲሚንቶ ላይ እንዴት እንደሚሮጥ አይቶ የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርድ ውስጥ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ተኑ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ሽቅብ አይወጣም፤ እንደ እባብ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። እኔ ወድቄ ቀና ስል ፈሳሹ የጧቱን የዝገት ውኃ መንገድ ይዞ ቁልቁል ወርዷል። ታች፣ በሩ ላይ፣ የእማማ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። አሥር ሰዓት ሆኗል። የቡናቸው ሰዓት ነው።

ፈሳሹ ምድጃው ሥር ደረሰ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እውነቴን ነው፣ ጨፈንኩ።

ምንም የለም።

ስገልጥ እማማ ከቤት እየወጡ ነው፤ አዲስ የክብሪት ፓኮ በእጃቸው። አንዷን እንጨት አውጥተዋል።

«እማማ! ክብሪት እንዳይጭሩ! በማርያም ይዤዎታለሁ!»

ቆሙ። ሽታው ያኔ ደረሳቸው። ክብሪቱን ቀስ ብለው ወደ ፓኮው መለሱና እንዲህ አሉ፦ «ምን እጭራለሁ ልጄ፣ ይኸው ከሰሉ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል። አንድ ፓኮ ክብሪት ጨረስኩበት። አጠጥታችሁት የለ!»

እግሬ ከዳኝ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ስለቱን ያኔ ነው የተሳልኩት።

ከሰሉ ደረቅ ቢሆን ኖሮ በዘጠኝ ሰዓት ተያይዟል። በአሥር ሰዓት ፍም ነው። ግቢው ውስጥ ያን ሰዓት አራት ልጆች ብይ ይጫወቱ ነበር። እናቴ ተኝታለች። እኔ ቤንዚን በቤንዚን ሆኛለሁ። ስለ ብሎን ስለምን መልሱ ከጧት ጀምሮ በማዳበሪያ ውስጥ ተቀምጦልኛል፤ እኔ ደግሞ ልጁን ስለ እሱ ተቆጥቼዋለሁ።

ልጆቹን አስወጣን፣ ቤቱ ሁሉ እሳት አጠፋ። ውኃ አላፈሰስንም፣ ይበልጥ ያስፋፋዋል። ከጎን ከሚሠራው ግንብ አሸዋ ለምነን ደፋንበት። የግቢው ቡና ያን ቀን አልፈላም።

እናቴ ሰምታ «ቀኑ የሚካኤል ነው፣ ሚካኤል ነው» አለች። እማማ «የለም፣ የእሳት ነገር የገብርኤል ነው» አሉ። እስከ ማታ ተከራከሩ። እኔ ለሁለቱም ጧፍ ገዛሁ። የንስሐ አባቴ ግን ታሪኩን ሰምተው፣ አመስግነው፣ ከዚያ ጠበቅ አድርገው አዩኝ። «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው ይላል። ከእንግዲህ ሳፋ እንዳላይ» አሉኝ።

የቀረው ሥራ ሳምንቱን ፈጀ። የተቀነጠሰውን ብሎን መካኒኩ ወዳጄ አወጣልኝ። አዲሱን ሳልባትዮ አድርቀን፣ አዲስ ጎማና አዲስ ፋሸታ አድርገን፣ መጀመሪያ ሁለት ሊትር ብቻ ጨምረን ሥሩን በነጭ ጨርቅ እየጠረግን አየን። ደረቅ ነው። ዓርብ ማታ ሞተሩ ተነሣ፤ አልጠፋም።

ታኅሣሥ 19 ማለዳ እናቴ ነጭ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። እማማ ከኋላ ገቡ። አዲሱን ከሰል ሐሙስ ዕለት አድርሼላቸው ነበር፣ ሁለት ማዳበሪያ። ከግቢ እንደወጣን እማማ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ቤንዚን ቤንዚን አይልም?»

ልቤ ወደቀ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ኮፋኖውን ከፍቼ፣ እጄን ከሳልባትዮው ሥር አስገብቼ ዳበስኩ። ደረቅ። ጎማውን ዳበስኩ። ደረቅ። ተመልሼ ስገባ እናቴ ክንዴን ይዛ አሸተተች።

«ጃኬትህ ነው» አለች።